ዴሌጌሽን ወይስ ኮንዲሽናል ፎርዋርደር? መጀመሪያ የስሙን ባለቤት እንለይ

በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ዲኤንኤስ የሚያስተዳድር ባለሙያ ሁሉ ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ የእኔ ሰርቨር የማያውቀውን ስም ሌላ ሰርቨር ያውቀዋል፤ ሁለቱን በምን ላገናኛቸው? ዴሌጌሽንም ሆነ ኮንዲሽናል ፎርዋርደር ስሙን ስለሚያስገኙ ብዙ ሰው ቀድሞ የለመደውን ይመርጣል። ኔትወርኩ ትንሽ ሳለ ልዩነቱ አይታይም፤ እያደገ ሲሄድ ግን የተሳሳተው ምርጫ ያስቸግራል። ስለዚህ ከመምረጣችን በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ስሙ የማን እንደሆነ ነው።

ለምሳሌ ማይክሮሶፍት በማስተማሪያ ጽሑፎቹ የሚጠቀምባቸውን ሁለት ምናባዊ ኩባንያዎች እንውሰድ። የመጀመሪያው ኮንቶሶ ነው። ዋና ዶሜይኑ «ኮንቶሶ.ኮም» ሲሆን ለሽያጭ ክፍሉ «ሴልስ.ኮንቶሶ.ኮም» የሚባል ንዑስ ዶሜይን አለው። ሁለተኛው ፋብሪካም ነው፤ ራሱን የቻለ ድርጅት ሆኖ ከኮንቶሶ ጋር አብሮ ይሠራል።

ዴሌጌሽን

«ሴልስ» የሚለው ስም በ«ኮንቶሶ.ኮም» ሥር ያለ ነው። የወላጁ ዞን አስተዳዳሪ ይህን ቅርንጫፍ ለሌላ ሰርቨር ሲያስረክብ በዞኑ ውስጥ የኤንኤስ ሪከርድ ይጽፋል፤ ትርጉሙም «የዚህን ክፍል መልስ የሚሰጠው እገሌ የተባለው ሰርቨር ነው» ማለት ነው። የልጁ ሰርቨር ስም ራሱ በልጁ ዞን ውስጥ ከሆነ አድራሻው ካልታወቀ ሰርቨሩ ጋር መድረስ አይቻልም። ስለዚህ አይፒ አድራሻውን የያዘ ግሉ ሪከርድ አብሮ ይገባል።

ዴሌጌሽን አባት ከርስቱ ቆርሶ ጎጆ ለወጣ ልጁ እንደሚሰጠው መሬት ነው፤ ድንበሩ በአባት መሬት ላይ ይታያል፣ የሚያርሰው ግን ልጁ ነው። ማንም ሰው ያልያዘውን ቆርሶ ሊሰጥ አይችልም። ኮንቶሶም የ«ፋብሪካም.ኮም»ን ስም በዴሌጌሽን ሊያስረክብ አይችልም፤ ስሙ በእሱ ዞን ሥር አይደለምና።

ዴሌጌሽን የዞኑ መረጃ አካል ስለሆነ ዞኑ በተባዛበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። አክቲቭ ዳይሬክተሪ የሚያስተዳድር ሰው ምሳሌውን በየቀኑ ያየዋል፦ በዲኤንኤስ ኮንሶሉ ላይ በፎረስቱ ዋና ዞን ሥር «ኤምኤስዲሲኤስ» የሚለው ግራጫ ፎልደር ዴሌጌሽን ነው።

ኮንዲሽናል ፎርዋርደር

ኮንዲሽናል ፎርዋርደር ከዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ጋር የመጣ ነው። ዞን ውስጥ የሚጻፍ ሪከርድ ሳይሆን ለሰርቨሩ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፦ «በፋብሪካም.ኮም የሚያልቅ ጥያቄ ከደረሰህ ወደዚህ አይፒ አድራሻ ላከው»። የስሙ ባለቤት መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ በሁለት ፎረስቶች መካከል ትረስት ሲመሠረት፣ ወይም ከአጋር ድርጅት ጋር በቪፒኤን ስንገናኝ ተመራጩ እሱ ነው።

ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ጀምሮ በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ ተቀምጦ ለሌሎቹ ሰርቨሮች እንዲዳረስ ማድረግ ይቻላል። ይህ ካልተደረገ የሚሠራው በተጻፈበት ሰርቨር ላይ ብቻ ነው። ሰርቨሩ ላይ ሪከርሽን ከተዘጋም ፎርዋርደሮቹ አብረው ይዘጋሉ።

ጥያቄው የሚሄድበት መንገድ

በዴሌጌሽን የወላጁ ሰርቨር የደንበኛውን ጥያቄ ይዞ ራሱ ወደ ልጁ ሰርቨር ይሄዳል። ከልጁ በታች የልጅ ልጅ ካለም እስከዚያ ይወርዳል። ስለዚህ በመንገዱ ያሉት ሰርቨሮች ሁሉ በፖርት 53፣ በዩዲፒም በቲሲፒም፣ ሊደረስባቸው ይገባል። በፎርዋርደር ግን ጥያቄው ለተመዘገበው ሰርቨር ይሰጣል፤ የቀረውን ፍለጋ የሚያከናውነው ያ ሰርቨር ነው። ፋየርዎሉ ለአንድ ሰርቨር ብቻ በር በሚከፍትበት ቦታ ይህ ልዩነት ወሳኝ ይሆናል።

ብዙዎችን የሚያደናግረው

ሰርቨራችን «ኮንቶሶ.ኮም»ን ይዟል እንበል። ለ«ሴልስ.ኮንቶሶ.ኮም» ዴሌጌሽን ሳይኖር ፎርዋርደር ብቻ ብንጽፍ አይሠራም። ሰርቨሩ በያዘው ዞን ሥር ላለ ስም የመጨረሻ መልስ ሰጪ እሱ ነውና ጥያቄውን ወደ ሌላ አያስተላልፍም፤ በዞኑ ውስጥ ሲያጣው «እንዲህ ያለ ስም የለም» ብሎ ይመልሳል። ቅርንጫፉ በዴሌጌሽን ከተሰጠ በኋላ ግን ፎርዋርደሩ ሥራ ላይ ሊውል ይችላል።

ሌላው ደግሞ አቅጣጫ ነው። ዴሌጌሽን ከላይ ወደ ታች ብቻ ይወርዳል። የ«ሴልስ» ሰርቨር በዴሌጌሽኑ ምክንያት ስለ ወላጁ የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም። የኮንቶሶን ውስጣዊ ስሞች እንዲያገኝ ወደ ላይ ፎርዋርደር ያስፈልገዋል። በአንድ ፎረስት ውስጥ ሁለቱ ተባብረው የሚሠሩት በዚህ መልክ ነው።

አድራሻ ሲቀየር

ሁለቱም የጋራ ድክመት አላቸው፦ የሌላኛው ወገን ሰርቨር አይፒ ሲቀየር በራሳቸው አይታደሱም። በዴሌጌሽን የግሉ ሪከርዱን፣ በፎርዋርደር አይፒውን በእጅ ማረም ያስፈልጋል። የሌላው ወገን ሰርቨሮች ቶሎ ቶሎ የሚቀያየሩ ከሆነ ስታብ ዞንን አስቡ። ስታብ ዞን የኤንኤስ ዝርዝሩን ከዞኑ ባለቤት ራሱ እየጠየቀ ያድሳል።

ለመወሰን

ስሙ እናንተ በያዛችሁት ዞን ሥር ከሆነና ሌላ ቡድን እንዲያስተዳድረው ከፈለጋችሁ ዴሌጌሽን ጻፉ። ስሙ የሌላ ድርጅት ወይም የሌላ ፎረስት ከሆነ፣ ወይም ከልጅ ወደ ወላጅ የምትጠይቁ ከሆነ ኮንዲሽናል ፎርዋርደር ተጠቀሙ። ከጨረሳችሁ በኋላ በእያንዳንዱ ዲኤንኤስ ሰርቨር ላይ በኤንኤስሉክአፕ ስሙን ጠይቁ፤ በዲሲዲያግ የዲኤንኤስ ፍተሻም ዴሌጌሽኑን መርምሩ። አንዱ ሰርቨር መለሰ ማለት ሁሉም ይመልሳሉ ማለት አይደለም። የመረጣችሁበትን ምክንያትም በጽሑፍ አስቀምጡ፤ ከእናንተ በኋላ ሥራውን የሚረከበው ሰው ይህ ሪከርድ ወይም ፎርዋርደር ለምን እንደተጻፈ ካላወቀ ሊሰርዘው ይችላል።