ሳጥኗ ለምን ብቻዋን ወደ ታች ወረደች?

ጥያቄ፦ በሒሳብ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን ላቴክ በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ሥርዓት እያዘጋጀሁ ነው። ማረጋገጫው በቀመር ሲያልቅ ማብቂያውን የምታሳየው ትንሿ ሳጥን ባዶ መስመር ላይ ብቻዋን ትቀራለች። እንዲያውም አንዷ ወደሚቀጥለው ገጽ ተሻግራለች። ፈታኞቼ ሥራዬ የተጓደለ እንዳይመስላቸው ፈርቻለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ስጋትዎ ይገባኛል። ወራት የደከሙበት ማረጋገጫ በአንዲት ምልክት ምክንያት ያላለቀ ሲመስል ያሳስባል። ግን ይረጋጉ፤ ያጋጠመዎት የሒሳብ ስህተት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ትእዛዝ ይስተካከላል።

መጀመሪያ ሳጥኗ ከየት እንደመጣች ባጭሩ ልንገርዎ። የጥንቱ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ማረጋገጫውን የሚዘጋው መረጋገጥ የነበረበት ተረጋገጠ በሚል መንፈስ ባለው የግሪክኛ ሐረግ ነበር። ሐረጉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ «ኪው.ኢ.ዲ.» ተብሎ አጠረ። ሳጥኗን ወደ ሒሳብ ያመጣት የሒሳብ ሊቁ ፖል ሃልሞስ ነው፤ የወሰዳትም ጽሑፍ ማለቁን በምልክት ከሚያሳዩ መጽሔቶች ነው። የእኛም ጸሐፍት የአንድን ክፍል ፍጻሜ በነጥቦች (፨) ያሳዩ ስለነበር ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ላቴክ ውስጥ ሳጥኗን የሚያስቀምጠው «ኤኤምኤስቲኤችኤም» የተባለው ፓኬጅ፣ ማለትም ተጨማሪ ትእዛዞችን የያዘ ፋይል ነው። ፓኬጁ ማረጋገጫው ተዘጋ ሲባል ሳጥኗን በመጨረሻው መስመር ቀኝ ጠርዝ ላይ ያደርጋታል። ለብቻው ወጥቶ መሐል ላይ የተጻፈ ቀመር ግን ቀድሞ የተዘጋ በመሆኑ ሳጥኗ አዲስ መስመር ከፍታ ትቀመጣለች። ዝርዝር ነጥቦችም መጨረሻ ላይ ሲመጡ የሚሆነው ይኸው ነው።

መፍትሔው «ኪውኢዲሂር» የተባለው ትእዛዝ ነው፤ ሳጥኗ «እዚህ ትሁን» ማለት ነው። ቀመሩ ከመዘጋቱ በፊት፣ በዝርዝር ከሆነም በመጨረሻው ነጥብ ማብቂያ ላይ ይጻፉት። ቀመሩን በሁለት የዶላር ምልክቶች ከከበቡት ግን ትእዛዙ በትክክል ስለማይሠራ፣ በላቴክ የባለ አራት ማዕዘን ቅንፍ ትእዛዝ ይተኩት። «ኤኤምኤስማዝ» የተባለውንም ፓኬጅ የሚጠቀሙ ከሆነ እሱን ከ«ኤኤምኤስቲኤችኤም» አስቀድመው ይጥሩት። እኔ በበኩሌ ከሁሉ የምመርጠው ማረጋገጫውን በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር መዝጋት ነው። ቀመሩ ምን እንዳስገኘ ለአንባቢው ይነግረዋል፤ ሳጥኗም ያለ ትእዛዝ ቦታዋን ትይዛለች። ክፍተቱን በእጅ እየቀነሱ ሳጥኗን ወደ ላይ መሳብ ግን አልመክርም፤ አንድ መስመር ሲጨምሩ ሁሉም ይዛባል።

በዎርድ ወይም በአማርኛ የሚጽፉ አንባቢዎች ደግሞ አንድ ነገር ያስተውሉ። የመረጡት ፎንት፣ ማለትም የፊደል ቅርጽ፣ የማብቂያ ምልክቱን ካልያዘ በቦታው ባዶ ሳጥን ሊታይ ይችላል። ይህ የጎደለ ፊደል ምልክት ከማረጋገጫ ማብቂያ ጋር ስለሚመሳሰል በዓይን ያታልላል። ሳጥኗ ጽሑፉ መሐልም ብቅ ካለች ጥፋቱ የፎንቱ ነው። አራት ነጥቡንም አይተዉት፤ ሳጥኗ አትተካውም።

ሌሎች ሊያሳስቡዎት የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ በአንድ ማረጋገጫ ሁለት ሳጥኖች ሲወጡ፣ ወይም የማረጋገጫው ትእዛዝ ቀድሞ ተሰይሟል የሚል የስህተት መልእክት ሲመጣ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚከሰተው አሳታሚው ወይም ዩኒቨርሲቲው የሰጠዎት አብነት የራሱ የማረጋገጫ ትእዛዝ ሲኖረው ነው። አብነቱን በራስዎ ከመቀየርዎ በፊት የትምህርት ክፍሉን ይጠይቁ።

ሳጥኗን የት እንደሚያደርጉ ለመወሰን የተቸገሩት የክርክሩ መጨረሻ የቱ ጋ እንደሆነ ስላልታየዎት ከሆነ ግን ጉዳዩ ከላቴክ አልፏል። ያን ጊዜ የታተመውን ገጽ ይዘው ወደ አማካሪዎ ይሂዱ፤ የተጠራጠሩበትንም መስመር በእርሳስ አስምረው ያሳዩዋቸው።