የወደቀ ሰው ድኅነቱን አጥቷልን?

የሚነበቡ ክፍሎች፦ ሉቃስ 22፥31-34 እና 54-62፤ ዮሐንስ 21፥9-19፤ ዕብራውያን 6፥4-12



የዛሬው ጥያቄ እዚህ ፋው ውስጥ በየራኩባው ሥር ሻይ ሲፈላ የሚነሣ ነው፦ አንድ ጊዜ የዳነ ሰው ድኅነቱን ሊያጣ ይችላል ወይ? አንዳንዱ ለክርክር ያነሣዋል። ሌላው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀው። በበረሃው መንገድ ቢላ አንገቱ ላይ ሲቀመጥ የማያምንበትን ቃል ተናግሯል። ወይም ሥራ ለማግኘት ስሙን ቀይሮ፣ ማተቡን በጥሶ ዓመታት ኖሯል። ወይም ማንም ሳያስገድደው ጸሎቱን ትቶ በአረቄ ተይዟል። ታዲያ አሁን «ጌታ መልሶ ይቀበለኛል?» እያለ ነው። ወንድሜ፣ ያ ሰው አንተ ትሆናለህ፤ እህቴ፣ አንቺ ትሆኛለሽ። ይህ ትምህርት በተለይ ለእናንተ ነው።

1. መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም ይናገራል

በዮሐንስ 10፥27-29 ጌታ በጎቹን ከእጁ የሚነጥቅ እንደሌለ ይናገራል። በሮሜ 8፥38-39 ሐዋርያው ከእግዚአብሔር ፍቅር የሚለየን ምንም ፍጥረት እንደሌለ ያረጋግጣል። በሌላ በኩል ማቴዎስ 24፥13 የሚድነው እስከ መጨረሻ የሚጸናው እንደሆነ ያስተምራል፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥12ም የቆመ የመሰለው ሰው እንዳይወድቅ ያስጠነቅቃል። አንዱን ይዘን ሌላውን ዝም ማሰኘት አንችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ተስፋው የተሰጠው ለሚፈራ፣ ማስጠንቀቂያው ደግሞ ለሚዘናጋ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን እናቀያይረዋለን። የሚንቀጠቀጠው ሰው ማስጠንቀቂያውን ወስዶ ራሱን ይገርፍበታል፤ ግድ የለሹ ተስፋውን ወስዶ ይተኛበታል። የወባ ክኒን ለቁስል፣ የቁስል ቅባት ለወባ እንደ መስጠት ነው። እንግዲህ አንተ የትኛው ነህ?

2. ጴጥሮስና ይሁዳ

በአንድ ሌሊት ሁለት ደቀ መዛሙርት ወደቁ። ይሁዳም ተጸጽቷል፤ ማቴዎስ 27፥3-5ን አንብቡ። ሠላሳውን ብር መልሷል። ነገር ግን ጸጸቱን የወሰደው ወደ ካህናት አለቆች ነበር፤ እነሱ ደግሞ ምን አገባን አሉት። ከዚያ ብቻውን ሄደ፣ ብቻውንም ሞተ። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ፣ ወጥቶ መራራ ልቅሶ ቢያለቅስም ከወንድሞቹ አልተለየም። ስለዚህ ጌታ ሲመጣ እዚያው አገኘው። የካደው በከሰል እሳት ዳር ነበር፤ በባሕሩ ዳርም ጌታ በከሰል እሳት ላይ ዓሣ አዘጋጅቶ ጠበቀው፤ ሦስት ጊዜም ስለ ፍቅሩ ጠየቀው።

ከሁሉ በፊት ግን ሉቃስ 22፥32ን አስተውሉ። ጴጥሮስ ገና ሳይወድቅ ጌታ እምነቱ እንዳይጠፋ ጸልዮለታል፤ ሲመለስ የሚሠራውን ሥራም አስቀድሞ ሰጥቶታል። ጴጥሮስን የያዘው የራሱ ጉልበት ሳይሆን ይህ ጸሎት ነው።

3. «እንደገና ማደስ አይቻልም» የሚለውስ?

የተጨነቀ ሰው ዕብራውያን 6፥4-6ን ሲያነብ ጉልበቱ ይከዳዋል። ግን መልእክቱ ለማን ተጻፈ? በ10፥32-34 እንደምናየው አንባቢዎቹ ንብረታቸው የተዘረፈ፣ ከታሰሩት ጋር የተካፈሉ፣ ስደት ያደከማቸው ሰዎች ናቸው። ክርስቶስን እርግፍ አድርገው ሊተዉ ነበርና አስጠነቀቃቸው። ማስጠንቀቂያው የምር ነው፤ ማቅለል አይገባም። ብዙ መምህራን ግን ቃሉ ወድቆ ስለሚያለቅስ ሰው ሳይሆን አውቆ ጀርባውን ስለ ሰጠና በዚያው ስለ ጸና ሰው እንደሆነ ያስረዳሉ። ንስሐ የሌለው ሰው «ንስሐ እቀበል ይሆን?» ብሎ ሌሊት አይነቃም። ጥያቄው ራሱ መንፈስ ቅዱስ እንዳልተወህ ምልክት ነው።

ቁጥር 7 እና 8 ስለ መሬት ይናገራል። የዚህ አገር ጥቁር አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ የሞተ ይመስላል፤ ኀሪፍ ሲገባ ግን ጠጥቶ ዱራ ያበቅላል። ክፍሉ የሚያስጠነቅቀው ዝናቡን እየጠጣ እሾህ ብቻ ስለሚያበቅል መሬት ነው። የተሰነጠቀና የተጠማ መሬት ሌላ ነው። ጸሐፊውም በቁጥር 9 ከእነርሱ የሚሻለውን እንደሚጠብቅ ነግሯቸዋል።

4. ከእኛ በፊትም ተጠይቋል

በ250 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የሮም ንጉሥ ዴክዮስ ሁሉም ለጣዖት እንዲሠዋና የምስክር ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። ብዙ ክርስቲያኖች ሠዉ፤ አንዳንዶቹ ሳይሠዉ ወረቀቱን በገንዘብ ገዙ። ስደቱ ሲበርድ እያለቀሱ መጡ። በሮም ኖቫጥያኖስ የተባለው ቄስ ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ልትቀበል አትችልም አለ። የካርታጎው ጳጳስ ቆጵርያኖስና በ251 የተሰበሰቡት ጳጳሳት ግን የእያንዳንዱን ነገር መርምረው በንስሐ የመመለሻ በር ከፈቱ። ዝም ብለው አላለፉትም፤ በሩንም አልዘጉም።

በአገራችንም ከ1529 እስከ 1543 (እ.ኤ.አ.) በነበረው የግራኝ አሕመድ ጦርነት እጅግ ብዙ ሰው በግድ ሃይማኖቱን ለወጠ። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን መመለስ የሚፈልገው ብዙ ነበር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ክደው የተመለሱትን በጸሎትና በውኃ የምትቀበልበት «መጽሐፈ ቄድር» የተባለ መጽሐፍ አላት። መጽሐፉ መኖሩ ብቻውን ይመሰክራል፦ የሚመለስ ሰው ስላለ የመቀበያ ሥርዓት አስፈለገ።

በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ የተገደሉትን ወንድሞቻችንንም እናስታውሳለን። እነርሱን እናከብራለን። ነገር ግን የእነርሱን ክብር በሕይወት የተረፈውን መደብደቢያ ዱላ አናድርገው። ይህን ስንልም ውኃና መሬት ያካፈሉንን ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን እያማን አይደለም፤ የምንናገረው ስለ ማስገደድ ነው።

5. አብያተ ክርስቲያናት ምን ይላሉ?

በ1618 እና 1619 በዶርት የተሰበሰቡ የካልቪን ተከታዮች እግዚአብሔር የመረጣቸውን እስከ መጨረሻ ይጠብቃል፤ ቢወድቁም ያነሣቸዋል አሉ። የሉተራውያን የ1530 የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ የጸደቀ ሰው መንፈስ ቅዱስን ሊያጣ እንደሚችል፣ ንስሐ ሲገባ ግን ሁልጊዜ ይቅርታ እንደሚያገኝ ያስተምራል። ኦርቶዶክስ አባቶች ድኅነትን እስከ ሞት የሚጓዙበት መንገድ አድርገው ያስተምራሉ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ በአንድ ገጽ አንጨርሰውም። ግን ሦስቱም የሚስማሙበትን ያዙ፦ በክህደቱ ተመችቶት የሚኖር ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ሊመካ አይገባውም፤ ወደ ክርስቶስ የሚመለስን ሰው ክርስቶስ አይገፋውም።

6. ታዲያ ምን እናድርግ?

የወደቅህ ወንድሜ፣ የወደቅሽ እህቴ፣ ብቻችሁን አትቆዩ። ዛሬ ለጌታ በስሙ ጥሩት፣ የሆነውን ሳትሸፋፍኑ ንገሩት። ቀጥሎ ምስጢር ለሚጠብቅ ካህን ወይም ሽማግሌ ንገሩ። ያላችሁበትን ነገር መተው አደጋ ካለው፣ እንዴት እንደምትወጡ አብራችሁ ምከሩ።

ያልወደቃችሁ ደግሞ አትፍረዱ። ያንተ አንገት ላይ ቢላ አልተቀመጠም ይሆናል። የተመለሰውን ሰው ታሪክ በውኃ ሰልፍ ላይ የሚያወራ ሰው እንደ ካህናት አለቆቹ «ምን አገባን» እንዳለ ይቆጠራል።

የተዘናጋህ ሆይ፣ ለአንተም ቃል አለ፦ ነገ እመለሳለሁ አትበል። ነገ ያንተ አይደለም።

ለውይይት

ሀ. ጴጥሮስና ይሁዳ የተለያዩት በምንድን ነው?
ለ. አሁን የሚያስፈልገኝ ተስፋው ነው ወይስ ማስጠንቀቂያው? ለምን?
ሐ. በብሎካችን ከጉባኤ የጠፋ ማን አለ? በዚህ ሳምንት ሻይ ይዞ የሚሄድለት ማን ነው?

ጌታ ሆይ፣ ለጴጥሮስ እንደ ጸለይህ ለእኛም ጸልይ። የያዝኸንን እጅህን አትልቀቅ፤ እኛም እንዳንለቅህ አበርታን። አሜን።