በሕመም የተቋረጠ ሥራና አዲስ ማመልከቻ



እኛ ሠልጣኞች ኮርሱን ጨርሰን ስንወጣ ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ማመልከቻ ይዘን የምናንኳኳው ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከሲ ኤም ሲ እስከ አያትና ኮተቤ ያሉትን ትምህርት ቤቶች በር ነው። ከመካከላችን ከዚህ በፊት በረዳት መምህርነት ወይም በሌላ ሥራ ተቀጥሮ፣ በመሐሉ ታሞ ሥራውን ያቋረጠ ይኖራል። ነገም ተቀጥረን ከቆየን በኋላ ማን እንደሚታመም አይታወቅም። ለእንዲህ ያለው ሰው ከጽሑፍ ፈተናው ይልቅ የሚከብደው በቃለ መጠይቅ ላይ የሚመጣ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «በነዚህ ወራት የት ነበርክ?» የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ «ቤተሰብ ጥየቃ ክፍለ ሀገር ሄጄ ነበር» ብሎ ይዋሻል። ሌላው ደግሞ ከመደንገጡ የተነሣ ከመጀመሪያው ትኩሳት እስከ መጨረሻው ኪኒን ያለውን ሁሉ ይዘረግፋል። ሁለቱም አይበጁም። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ስለ ሐኪም ፊት ነው። ርዕሰ መምህር ግን ሐኪም አይደሉም። እሳቸው ማወቅ የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ ለምን ያህል ጊዜ ቀረ? ምክንያቱ እውነት ነው ወይ? አሁንስ ማስተማር ይችላል ወይ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በእውነትና በማስረጃ እንዴት እንደሚመለስ ማስረዳት ነው።

1ኛ/ ሕጉ ምን ይላል?

የግል ትምህርት ቤት መምህር የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ግን በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለሚተዳደር የፈቃዱን ልክ ከሰው ሀብት ክፍል መጠየቅ ይኖርበታል። በአዋጅ 1156 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ውጭ በሆነ ሕመም ምክንያት መሥራት ቢያቅተው፣ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ፣ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ፣ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ክፍያው እንደሚከተለው ነው፦

ሀ/ ለመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣
ለ/ ለሚቀጥሉት 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ፣
ሐ/ ለቀሪዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ።

ለምሳሌ ያህል ደመወዙ በወር 8000 ብር የሆነ መምህር 6 ወር ሙሉ ቢታመም፣ በመጀመሪያው ወር 8000፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር 4000፣ 4000 ብር ያገኛል። ድምሩ 16000 ብር ነው። ጤነኛ ቢሆን ኖሮ 48000 ብር ያገኝ ነበር። ስለዚህ 32000 ብር ከቤቱ ጎደለ ማለት ነው፤ የመድኃኒቱ ወጪ ገና ሳይቆጠር። እንግዲህ የታመመውን ሰው ሲዝናና እንደከረመ የሚያይ ካለ ይህን ሂሳብ ይሥራው።

ታዲያ ፈቃዱ ዝም ብሎ አይገኝም። ሠራተኛው በቀረ በማግሥቱ ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት፤ አሠሪው ሊያውቅ የሚችልበት ሁኔታ ካለ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ከሆነ ግን አይገደድም። የሕክምና ማስረጃም ማቅረብ ይጠበቅበታል። በተለምዶ «ሲክ ሊቭ» የምንላት ወረቀት ይህችው ናት። በማስረጃ የቀረና ያለ ምክንያት የቀረ ሰው የሚለዩት በዚች ወረቀት ስለሆነ ዋናውን ለአሠሪው ሰጥቶ ቅጂውን ቤት ማስቀመጥ ነው። ዛሬ የጠፋች ወረቀት ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ትምህርት ቤት በር ላይ ትፈለጋለች።

2ኛ/ የሥራ ልምድ ማስረጃ

በዚሁ አዋጅ መሠረት የሥራ ውል ሲቋረጥ፣ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ፣ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን ልክ የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። የሕመም ቀን ቁጥር ከሦስቱ ውስጥ የለም። ስለሆነም ታሞ ሥራ የለቀቀ ሰው «በማስረጃዬ ላይ ምን ይጽፉብኝ ይሆን?» እያለ በስጋት ወረቀቱን ሳይጠይቅ መቅረት የለበትም።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚያዘው ሕክምናው ማብቃቱንና ሰውየው ለሥራ ብቁ መሆኑን የሚገልጽ፣ ቀንና ማኅተም ያለበት የሐኪም ወረቀት ነው። ሐሰተኛ ሰነድ መጠቀም በሕጉ የተከለከለ ነው። «ወረቀቱን የሚያሠራ ሰው አውቃለሁ» የሚል ጓደኛ ቢመጣ መሸሽ ነው። እውነተኛ ሕመም በሐሰተኛ ወረቀት ሲደገፍ ሕመሙም ሐሰት ይመስላል።

3ኛ/ አነጋገር

ለልምምድ ያህል የሚከተለውን ንግግር እንመልከት።

ርዕሰ መምህር፦ ከጥር እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ ባዶ ነው። ምን ሆነሽ ነው?
አመልካች፦ ታምሜ ነበር። ስድስት ወር ሕክምና ተከታትዬ ጨርሻለሁ። ሐኪሙ ለሥራ ብቁ መሆኔን የጻፈልኝ ወረቀት ይኸውልዎ።
ርዕሰ መምህር፦ በሽታው ምን ነበር?
አመልካች፦ ዝርዝሩን ለሐኪሜ ብተወው ደስ ይለኛል። ልጆቹን የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ግን ወረቀቱ ይናገራል። ከፈለጉ ሌላ ቦታም ልመርመር፤ ፈቃደኛ ነኝ።
ርዕሰ መምህር፦ በሳምንት ሃያ አምስት ክፍለ ጊዜ ትችያለሽ?
አመልካች፦ እችላለሁ። ከመስከረም ጀምሮ የሰፈር ልጆችን በሳምንት ስድስት ቀን ሳስጠና አንድም ቀን አልቀረሁም።

አመልካቿ አልዋሸችም፤ ሆዷንም ሁሉ አልዘረገፈችም። ጊዜውን ተናገረች፣ ወረቀቱን አሳየች፣ ከዚያ ወሬውን ወደ ሥራው መለሰችው። ሰውየውም ቢሆኑ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም የጠየቁት። የሰኔ ፈተና ሲደርስ አንድ ክፍል ያለ መምህር እንዳይቀርባቸው ይሰጋሉ። ስጋታቸውን የሚያነሣላቸው የበሽታው ስም ሳይሆን የመጨረሻው መልስ ነው።

ሠራተኛ ሕግ ሲያዝ ወይም አሠሪው በበቂ ምክንያት ሲጠይቅ የጤና ምርመራ አላደርግም ማለት አይችልም። የኤች አይ ቪ ምርመራ ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ በዚሁ ምክንያት አድልዎ ማድረግም ክልክል ነው። ይህን አለማወቅ ብዙ ሰው ያስፈራል።

4ኛ/ የልጆቹ ጉዳይ

እዚህ ላይ ዝምታ የማይፈቀድበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ተላላፊ በሽታ ነው። ለምሳሌ የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። መድኃኒቱን በደንብ የጀመረ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም፤ ነገር ግን ይህን የሚወስነው ሐኪሙ እንጂ ሥራ የቸገረው ሰው አይደለም። ሃምሳ ልጅ በአንድ ክፍል ታጭቆ በሚማርበት ቦታ ሕመሙን ደብቆ የሚገባ መምህር በሰው ልጅ ይጫወታል። ሐኪሙ «ቆይ» ካለ መቆየት ነው፤ «ግባ» ካለ ደግሞ ያለ እፍረት መግባት ነው።

5ኛ/ ነገ ጠያቂ ለምንሆን

ከኛ መካከል ነገ ርዕሰ መምህር ሆኖ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ የሚቀመጥ አለ። እሱ የሚያስታውሰው ነገር ይኑር። የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ ቦሌ ያለው የሚሊኒየም አዳራሽና የየካ ኮተቤ ሆስፒታል የኮሮና ሕመምተኞች ማከሚያ ሆኑ። ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው ተከፈቱ። በዚያን ጊዜ ስንት ጎበዝ ሠራተኛ አልጋ ላይ ዋለ! በሥራ ታሪኩ ላይ ባዶ ወራት ያሉበት ሰው ሁሉ ሰነፍ አለመሆኑን የዚህ አካባቢ ሰው በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ ጠያቂ ስንሆን «ምን ነበር ያመመህ?» ከማለት ይልቅ «አሁን ሥራውን ትችላለህ? እንድትችልስ ምን እናድርግልህ?» ብንል የተሻለ መምህር እናገኛለን።

መልመጃ (ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተለማመዱ)

ሀ/ ደመወዙ 9000 ብር የሆነ መምህር 4 ወር ቢታመም በጠቅላላው ስንት ብር ይከፈለዋል?
ለ/ የሦስት ወር ሕመምን ከአራት ባልበለጠ ዓረፍተ ነገር ለርዕሰ መምህር አስረዱ። የበሽታውን ስም አትጥሩ፤ ሐሰትም አትጨምሩ።
ሐ/ ቦታ ተለዋውጣችሁ ጠያቂ ሁኑና የራሳችሁን ጥያቄ መዝኑ።

መምህራኖቻችን በመልመጃው ላይ አስተያየት ቢጽፉልን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።

ከአንድ ሠልጣኝ