አቤቱታ ለምትጽፈው ልጄ

ልጄ፣ የተፈናቃዮቹ ኮሚቴ ጸሐፊ አድርጎ እንደ መረጠሽ ሰማሁ። ኮርቻለሁ፤ ሰግቻለሁም። ጥይት በሚጮኽበት ዘመን መንግሥትን «ድረስልን» ብሎ መጻፍ ከባድ ሸክም ነውና የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ምጽዋት የምትለምኚ አይምሰልሽ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 3 አደጋ ሲደርስ ለተጎጂው እርዳታ በወቅቱ እንዲደርስ የማድረግን ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ጥሏል። አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጥቶሻል። ተፈናቃዮችን ስለ መጠበቅ የአፍሪካ አገሮች ካምፓላ ላይ የተስማሙበትን ሰነድም ኢትዮጵያ በአዋጅ 1187/2012 አጽድቃዋለች። እነዚህን ሦስቱን በመጀመሪያው ገጽ አስፍሪ፤ ከዚያ ወደ ጉዳይሽ ግቢ።

2. የእርሻውን ወር ጻፊ። ይህን ከሁሉ አጥብቄ እነግርሻለሁ፤ ቢሮ ያለ ሹም የይፋትን ቆላ ወራት ላያውቅ ይችላልና። አጣዬ ከተማ በግጭት የተቃጠለችው በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ነው፤ ገበሬው ለማሽላ መሬቱን በሚያሰናዳበት ጊዜ። ስምንት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2014፣ የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደረሰ፤ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ በዚያው ወር ተለቀቀች። ኅዳር ደግሞ አዝመራ የሚሰበሰብበት ነው። የዘሩም የአጨዳውም ወር እንዲህ ሲያልፍ፣ ለዚያ ቤተሰብ ዱቄት ብቻ ማደል ለከርሞም ተረጂ አድርጎ ማስቀረት ነው። ስለዚህ «አስቸኳይ» ብለሽ አትለፊው። የማሽላ ዘርና የሚያርስ በሬ ከግንቦት በፊት፣ ያ ካመለጠ የማሾ ዘር ለሐምሌ ብለሽ በቀን ወስኚው። ወደ ደብረ ብርሃን ለወጡትም ብርድ ልብስ ጠይቂ፤ የቆላ ሰው በነጠላ የሚችለው ብርድ አይደለም።

3. ጎረቤትሽን አትዝለይ። በ2013ቱ ግጭት ሰው የሞተውና የተፈናቀለው በሰሜን ሸዋም በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም ነው። የአጣዬን ቃጠሎ ጽፈሽ የጎረቤቷን ወረዳ የጅሌ ጥሙጋን ሟች ከተውሽ፣ አንባቢው ሹም ደብዳቤሽን የአንድ ወገን ክስ ብሎ ያስቀምጠዋል። ይህ ስሌቱ ነው። ከስሌቱ በፊት ግን አማራው፣ አርጎባውና ኦሮሞው በአንድ ገበያ ሲሸጥና ሲገዛ የኖረ ሕዝብ ነው፤ የአንዱ እናት ለቅሶ ከሌላዋ አያንስም።

4. የተረጂ ቁጥር አታብዢ። በሰኔ 2015 የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካው ዩኤስኤይድ እርዳታው ለታለመለት ሰው አልደረሰም ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እደላ አቆሙ። ለወራት የተራበው ያልሰረቀው ምስኪን ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ዝርዝርሽ በቀበሌና በአባወራ ይሁን፤ የሞተና የተመለሰ ይውጣበት። እናት ብቻዋን የምታስተዳድረው ቤት በራሷ ስም ይመዝገብ።

5. ዝም ማለት መንግሥትንም አይጠቅምም። በ1965 የወሎ ገበሬዎች ተርበው ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ፖሊስ መለሳቸው። ከዩኒቨርሲቲው መምህራን ጥቂቶቹ ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ለእይታ አቀረቡ፤ ሰሚ ግን አልነበረም። በጥቅምት 1966 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓመት ሳይሞላ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ይህን ለማስፈራሪያ አትጻፊው። ሹሙ «ስማችንን ታጠፊያለሽ» ካለሽ ግን በአክብሮት አስታውሺው።

6. ደብዳቤው በእጅ ተሰጥቶ አይቅር። መዝገብ ቤት ገቢ ይሁን፣ ቁጥሩንና ቀኑን ያዢ። ግልባጭ ለክልሉ፣ ለአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን፣ ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ያንኑ ቁጥር ጠቅሰሽ ተመለሺ።

7. ሰው አታስበዪ። ከሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ በክልላችን የሰው ስም መጻፍ ለባለ ስሙ አደጋ ሊሆን ይችላል። የምስክሮችን ስም ከደብዳቤው ለይተሽ ያዢ፤ ፈቃዳቸውን ሳትጠይቂ ለማንም አትስጪ። መንገድ ይከፈት፣ መድኃኒት ይለፍ የሚለውንም ለመንግሥት ብቻ ሳይሆን ጫካ ላለውም ታጣቂ በግልጽ ጻፊ፤ አምቡላንስ ማሳለፍ የሁለቱም ግዴታ ነው።

ረቂቁን ስትጨርሺ ለመጠለያው እናቶች ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። የሚያስተካክሉሽን አስተካክለሽ ፈርሙበት።