የማኅበር መዝገብ ከፋብሪካ መዝገብ ጋራ ስለሚገናኝበት ሥርዓት

ለየወረዳው የግብርና ሹማምንት የተጻፈ ትምህርት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሸዋ ሮቢትን ያገኛል። የይፋት ቈላ ማሾ፣ ማሽላ፣ ጤፍና ሽንኵርት የሚበቅልበት አገር ነው። ማሾም ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከገቡት አዝርዕት አንዱ ስለ ሆነ፣ ገበሬው ያስረከበው እህል ብዛቱና ደረጃው ተጠንቅቆ ሊጻፍ ይገባል፤ መዝገብ ሲሳሳት የሚጐዳው ገበሬው ነውና።

ለምሳሌ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የአባሎቹን ርክክብ በማይክሮሶፍት አክሰስ ይመዘግባል፤ እህሉን ተቀብሎ የሚያበጥረው ፋብሪካ ደግሞ በኢ.አር.ፒ. ይመዘግባል እንበል። አክሰስ በጠረጴዛ ኮምፒዩተር የሚሠራ የመረጃ ቋት ነው። ኢ.አር.ፒ. ግን የፋብሪካውን ግዢ፣ መጋዘን፣ የማምረት ሥራና ሒሳብ በአንድነት የሚይዝ ሰፊ ሥርዓት ነው። ጸሓፊው ከአንዱ ወደ ሌላው በእጁ ሲገለብጥ አንድ ዜሮ ቢጥል፣ 10 ኩንታል 1 ኩንታል ይሆናል። ሁለቱን መዝገቦች ማገናኘት ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

የሚያገናኛቸው ኦ.ዲ.ቢ.ሲ. የተባለው መሣሪያ ነው። ይህም በ1985 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቈጣጠር በ1992) የወጣ ሲሆን፣ በልዩ ልዩ የመረጃ ቋቶች መካከል እንደ አስተርጓሚ ሆኖ ይሠራል። አስተርጓሚው በማኅበሩ ኮምፒዩተር ላይ ይጫናል፤ አክሰስ ባለ 32 ቢት ከሆነ እርሱም ባለ 32፣ ባለ 64 ከሆነ እርሱም ባለ 64 መሆን አለበት። ከዚህ በኋላ የፋብሪካው ሰንጠረዥ ከአክሰስ ጋራ ይያያዛል። ማያያዝ ከመቅዳት ይሻላል፤ የተቀዳው በማግስቱ ያረጃል፣ የተያያዘው ግን ሁልጊዜ የዕለቱን ያሳያል። ደግሞም የአክሰስ ፋይል ከ2 ጊጋባይት በላይ አይዝም።

ነገር ግን ሽቦ መዘርጋት ብቻ ሒሳብን አያስማማም። አስቀድሞ በአራት ነገር መስማማት ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ ስም። «ኃይሉ»፣ «ሐይሉ» እና «ሀይሉ» ለአንባቢ አንድ ስም ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ መዝገቦቹ በስም ሳይሆን በአባልነት ቍጥር ይጋጠሙ።

ሁለተኛ፤ ቍጥር። የአባልነት ቍጥሩ በሁለቱም ወገን እንደ ጽሑፍ ይቀመጥ። እንደ ሒሳብ ቍጥር ከተቀመጠ 0457 የነበረው 457 ይሆናል፤ ባለቤቱም ይጠፋል።

ሦስተኛ፤ ቀን። አንድ ገበሬ ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ዓ.ም. እህል አስረከበ እንበል። ጸሓፊው 5/13/2016 ብሎ በቀን ዓምድ ቢጽፍ፣ አክሰስ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ቀኑን ሜይ 13 ቀን 2016 አድርጎ ይቀበለዋል፤ ስሕተት ነው ብሎም አያስጠነቅቅም። ይህ በእኛ አቈጣጠር ግንቦት 5 ቀን 2008 ነው። ትክክለኛው ግን በአውሮጳ አቈጣጠር ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ነበር። እንግዲህ ያ ገበሬ የዘንድሮ ክፍያ ሲጠይቅ ርክክቡ ከስምንት ዓመት በፊት ተጽፎ ይገኛል። መድኃኒቱ የኢትዮጵያን ቀን በጽሑፍ ዓምድ፣ የአውሮጳውን በቀን ዓምድ ለይቶ ማስቀመጥ ነው።

አራተኛ፤ ሚዛን። ማኅበሩ በኩንታል፣ ፋብሪካው በኪሎ ግራም ቢጽፉ፣ 1 ኩንታል 100 ኪሎ መሆኑ በመጠይቁ ውስጥ ይግባ እንጂ ለጸሓፊው ትዝታ አይተው።

ከዚህም ሌላ ማኅበሩ የፋብሪካውን ሰንጠረዥ የሚያነብበት እንጂ የሚጽፍበት ፈቃድ አይሰጠው። ኢ.አር.ፒ. አንድ ርክክብ ሲቀበል መጋዘኑንም ሒሳቡንም አብሮ ያስተካክላል፤ በጎን ገብቶ አንዱን ሰንጠረዥ ብቻ የሚለውጥ ሰው ሌሎቹን ያፋልሳል። መስመሩ ደካማ በሆነበት ስፍራ ደግሞ መጠይቁ በፋብሪካው ሰርቨር ላይ ተሠርቶ ውጤቱ ብቻ ይምጣ፤ አለዚያ ጥቂት መስመር ለማግኘት ሰንጠረዡ በሙሉ ሊጓዝ ይችላል።

በመጨረሻም ሹሙ ሥራውን ከመቀበሉ በፊት ዐሥር የወረቀት ደረሰኞች ይምረጥ፤ ከእነርሱም አንዱ የጳጉሜን ይሁን። ዐሥሩም በስም፣ በቀንና በክብደት ከኮምፒዩተሩ ጋራ ከተስማሙ ሥራው ይጀመር። አንዱ እንኳ ቢለይ ምክንያቱ ሳይታወቅ ክፍያ አይፈጸም፤ ወረቀቱም አይጣል።