ማየሊን ሠሪ ሴሎችን በብርሃን ለይቶ ስለ ማወቅ

ከአንጎል የተቆረጠ ስስ ቍራጭ ከማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ የተመለከተ ተማሪ ሁሉ የሚገጥመው ችግር አንድ ነው። የሚያየው የሴል ብዛት ነው፤ ማን ምን እንደሚሠራ ግን መልካቸው አይነግረውም። ከእነዚህ መካከል የነርቭን ክር ማየሊን በሚባለው ቅባታም ልባስ የሚሸፍኑት የትኞቹ ናቸው? ገና ያልበሰሉትስ ከበሰሉት በምን ይለያሉ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ የሚመልሰውን ዘዴ በአጭሩ ማስረዳትና በዘዴው የተገኘውን አንድ ትልቅ ፍሬ ማሳየት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩ኛ/ ማየሊንና ሠሪዎቹ

ማየሊን ለነርቭ ክር፣ ላስቲክ ለኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ ሆነው ያለ ልባስ ነው። ልዩነቱ ግን ልባሱ በየመካከሉ እየተቋረጠ ጠባብ ባዶ ስፍራ መተዉ ነው፤ መልእክቱም ከአንዱ ባዶ ስፍራ ወደ ሌላው እየዘለለ ይሄዳል። ስለዚህ ማየሊን የለበሰ ወፍራም ነርቭ መልእክቱን በሴኮንድ 100 ሜትር ያህል ሲያስኬድ፣ ያልለበሰው ቀጭን ነርቭ በሴኮንድ ከ2 ሜትር ያህል አያልፍም።

በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ይህን ልባስ የሚሠራው ኦሊጎዴንድሮሳይት የተባለው ሴል ነው። አንዱ ሴል ቅርንጫፎቹን ዘርግቶ እስከ 50 የሚደርሱ ክሮችን ሊያለብስ ይችላል። ከእነዚህ ውጭ ባሉት ነርቮች ግን ሥራው የሽዋን ሴል ነው። እስፓኛዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ኦሊጎዴንድሮሳይትን በ1921 በብር ካርቦኔት አቅልሞ ለይቶ ገለጠው። የብር ቀለም ግን የሴሉን ቅርጽ ያሳያል እንጂ የብስለቱን ደረጃ አይናገርም።

፪ኛ/ የሚያበራው አንቲቦዲ

አንቲቦዲ ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ቍልፍ የገዛ ጓጕንቸሩን ብቻ እንደሚከፍት፣ አንቲቦዲም የሚይዘውን ነገር መርጦ ይይዛል። አሜሪካዊው አልበርት ኩንስ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር በ1941 እና በ1942 ባወጣቸው ጽሑፎች አንቲቦዲን ከሚያበራ ቀለም ጋር ማያያዝ እንደሚቻል አሳየ። ከነዚህ ቀለሞች አንዱ ፍሎረሲን ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ ብርሃን ይመልሳል። አንቲቦዲው የተጣበቀበት ስፍራም በጨለማው መካከል አብርቶ ይታያል።

በ1975 ደግሞ ኮለርና ሚልስታይን በኬምብሪጅ ሁሉም አንድ ዓይነት የሆኑ አንቲቦዲዎችን ያለ ማቋረጥ ማውጣት የሚቻልበትን መንገድ አገኙ። በዚሁ መንገድ ዞመርና ሻክነር በ1981 ከኦ1 እስከ ኦ4 የተባሉትን አራት አንቲቦዲዎች አቀረቡ።

ኦ4 የሚይዘው ሰልፋታይድ የተባለውን፣ በሴሉ የውጭ ሽፋን ላይ ያለውን ቅባት ነው። ኦ1 የሚይዘው ደግሞ ጋላክቶሴሬብሮሳይድን ነው። ሴሉ ሲያድግ አስቀድሞ በኦ4 ያበራል፤ ኦ1 የሚከተለው ኋላ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አጣምሮ የሚጠቀም ሰው የሴሉን ዓይነት ብቻ ሳይሆን ደረጃውንም ያነባል፤ በኦ4 አብርቶ በኦ1 ያላበራው ሴል ገና በማደግ ላይ ያለ ነው።

፫ኛ/ በሥራ ላይ የሚያስፈልግ ጥንቃቄ

ሀ/ የሚፈለገው ነገር ቅባት ስለ ሆነ ቅባትን የሚያሟሙ አልኮልና ሳሙና መሰል ፈሳሾች ያጥቡታል። እነዚህን የተጠቀመ ተማሪ ጨለማ ብቻ አይቶ «ሴሉ የለም» ቢል ስሕተቱ የራሱ ነው።

ለ/ ሰልፋታይድ በውጭ በኩል ስለሚገኝ ሕያው ሴል ሳይገደል በኦ4 ሊቀለም ይችላል። ይህም በበረዶ ላይ ቢሠራ ይመረጣል፤ በሙቀት ሴሉ አንቲቦዲውን ወደ ውስጥ ይስበዋልና።

ሐ/ ቀለሙ ያለው በሁለተኛው አንቲቦዲ ላይ ከሆነ፣ ኦ4 ያልገባበት፣ ሁለተኛው ብቻ የገባበት ሌላ ቍራጭ ለማመሳከሪያ መዘጋጀት አለበት። እርሱም ቢያበራ የታየው ብርሃን ምስክር አይሆንም።

መ/ ያልበሰለ የሽዋን ሴልም በኦ4 ያበራል። ስለዚህ ቍራጩ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ ፍርድ አይሰጥም።

፬ኛ/ የተገኘው ፍሬ

ጊዜያቸው ሳይደርስ በሚወለዱ ሕፃናት ዘንድ የአንጎል ነጭ ክፍል በተለይ የሚጎዳው ለምን እንደ ሆነ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ሲጠይቁ ኖረዋል። ከተጎዱት አንዳንዶቹ እግራቸው ደርቆ መራመድ ያቅታቸዋል። በ2001 የታተመ ጥናት የሰውን አንጎል በኦ4 እና በኦ1 መርምሮ፣ ጉዳቱ በሚበዛበት ጊዜ፣ ማለት በ23ኛውና በ32ኛው የእርግዝና ሳምንት መካከል፣ በነጩ ክፍል በብዛት የሚገኙት በኦ4 አብርተው በኦ1 ያላበሩት ሴሎች መሆናቸውን አሳየ። እነዚህ በማደግ ላይ ያሉት ሴሎች የደምና የኦክሲጅን ማነስ ከሚያስከትለው ጉዳት ጋር ሲገጥሙ ከበሰሉት ይልቅ ቶሎ ይጠፋሉ። የሞቱትን ለመተካት የሚራቡትም ብዙዎቹ ሳይበስሉ ይቀራሉ፤ ማየሊንም ሳይሠራ ይቀራል።

እንግዲህ በሽታው የመረጠው የሴሉን ዕድሜ ነው። ይህንንም የሴሉን ቅርጽ ብቻ በማየት ማወቅ ባልተቻለ ነበር። ሕፃኑን ለማዳን የሚደክም ሐኪም አሁን የሚጠብቀውን ሴልና የሚጠብቅበትን ሳምንት ያውቃል። ከማይክሮስኮፕ ፊት የሚቀመጥ ተማሪም አረንጓዴ ነጥብ ሲያይ ከመደሰቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ይህ ብርሃን እውነተኛ ነውን? እውነተኛ ከሆነስ ሴሉ በየትኛው ደረጃ ላይ ነው?