ዳርሲን የወደደች አንባቢ ምን ፈልጋ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1995 ቢቢሲ በስድስት ክፍል ያቀረበው «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» አራተኛ ክፍል ላይ ሲደርስ፣ ኮሊን ፈርዝ የሚጫወተው ሚስተር ዳርሲ ከፈረሱ ወርዶ፣ ኮቱን ጥሎ ኩሬ ውስጥ ይገባል። ወጥቶ፣ እርጥብ ሸሚዙ ገላው ላይ እንደተጣበቀ በመስኩ ሲራመድ ከኤልዛቤት ቤኔት ጋር ፊት ለፊት ይገጣጠማል። ሁለቱም ይደነግጣሉ፤ የሚሉት ይጠፋቸዋል። ይህች አጭር ትዕይንት እንግሊዞችን ለዓመታት አነጋገረች። በ2013 ለንደን ውስጥ ሰርፐንታይን ሐይቅ ላይ ከውኃው ብቅ ያለ ግዙፍ የዳርሲ ሐውልት እስከ መትከል ተደረሰ። ደራሲዋ ሄለን ፊልዲንግ ደግሞ በብሪጅት ጆንስ ልብ ወለዷ ውስጥ ያለውን አፍቃሪ ማርክ ዳርሲ ብላ ሰየመችው፤ መጽሐፉ ፊልም ሲሆን ማርክ ዳርሲን የተጫወተው ራሱ ኮሊን ፈርዝ ነው።

ጄን ኦስቲን ግን ይህን አልጻፈችም። እ.ኤ.አ. በ1813 በታተመው ልብ ወለድ ዳርሲ አይዋኝም፣ ሸሚዙም አይረጥብም። ዋናውን የጨመረው የድራማው ጸሐፊ አንድሩ ዴቪስ ነው። በመጽሐፉ ኤልዛቤት ከአጎቷና ከአጎቷ ሚስት ጋር የዳርሲን ርስት፣ ፔምበርሊን፣ ለመጎብኘት ትሄዳለች። ቤቱን የምታስጎበኛቸው የሠራተኞቹ ኃላፊ ወይዘሮ ሬይኖልድስ ጌታዋን ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ታውቀዋለች። ክፉ ቃል ተናግሯት እንደማያውቅ፣ ለድኻ እንደሚራራ፣ ጭሰኞቹም እንደሚያመሰግኑት ትነግራቸዋለች። ኤልዛቤት ጆሮዋን ማመን ያቅታታል። እሷ የምታውቀው ዳርሲ በመጀመሪያው የዳንስ ምሽት አብሯት መደነስን የናቀ ኩራተኛ ነበርና።

የኦስቲን ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ስለ አንድ ሀብታም ጌታ ጠባይ የምትመሰክረው በእጁ የምታድር ሠራተኛው ናት፤ እሱ በሌለበት፣ ለማታውቃቸው እንግዶች። እርግጥ ድራማውም የወይዘሮ ሬይኖልድስን ቃል አልተወውም። ተመልካች ግን ይዞ የቀረው ሸሚዙን ነው። ካሜራ ምስክርነትን ማሳየት ይከብደዋል፣ ሸሚዝ ማሳየት ይቀለዋል።

በዚያው መጽሐፍ ያለው የዊካም ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነው። መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ የሚሊሻ መኮንን፤ የአማርኛ ተናጋሪ ቢያገኘው «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» ብሎ በአንድ ቃል በጨረሰው ነበር። ሰው ማወቅ እችላለሁ ብላ የምትኮራው ኤልዛቤት ዳርሲን በአንድ ምሽት ጠልታ፣ ዊካምን በአንድ ምሽት አመነችው። ኦስቲን ታሪኩን ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ስታረቅቅ የሰጠችው ርዕስም ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ስለሚያሳድረው ስሜት የሚናገር ነበር።

የአዲስ አበባ ወጣቶች ስለሚወዱት ገጸ ባሕርይም ሆነ ስለ አንድ መንገደኛ ሲያወሩ «ታይፔ ነው» ይላሉ። ቁመት፣ ድምፅ፣ ዝምታ፣ የአለባበስ ሥርዓት፤ ታይፕ የሚለካው በዓይን ነው። የፍቅር ልብ ወለድ አፍቃሪ ግን ምን እንደወደደች በደንብ ብትመረመር መልሷ ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ዳርሲን የወደደች አንባቢ ኩራቱን ወደደች ማለት ያስቸግራል። ዳርሲ የጋብቻ ጥያቄው ውድቅ ሲደረግ አልዛተም፤ ደብዳቤ ጻፈ። የኤልዛቤት ታናሽ እህት ሊዲያ ከዊካም ጋር ስትኮበልል ለንደን ድረስ ሄዶ ፈልጎ አገኛቸው፣ የዊካምን ዕዳ ከፈለ፣ እንዲያገባትም አደረገ፤ ኤልዛቤት እንዳትሰማም አስጠነቀቀ። ሴቷ እምቢ ካለችው በኋላ የተሻለ ሰው ለመሆን የሚደክም ወንድ በልብ ወለድም በመንደርም ብዙ የለም። የአንባቢዋ ናፍቆት እዚያ ላይ ይመስላል።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጃኒስ ራድዌይ ይህንኑ ጥያቄ ይዛ ወደ አንባቢዎቹ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው ጥናት፣ በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ በምትገኝ ከተማ በአንዲት መጽሐፍ ሻጭ ዙሪያ የተሰባሰቡ 42 የፍቅር ልብ ወለድ አንባቢ ሴቶችን ጠይቃለች። አብዛኞቹ ባለትዳሮችና እናቶች ናቸው። ከወንዱ ገጸ ባሕርይ ከጉልበቱ ይልቅ ብልህነቱንና ርኅራኄውን አስቀደሙ። ሴትን የሚደፍር ወይም የሚያዋርድ ወንድ ያለበትን መጽሐፍ ይጠላሉ፤ አንዳንዶቹ መጨረሻው ያማረ መሆኑን ሳያዩ አይገዙም። ከሁሉም የሚገርመው ስለ ንባቡ ራሱ ያሉት ነው። ቀኑን ሙሉ ባልና ልጅ ሲንከባከቡ የሚውሉት እነዚህ ሴቶች፣ መጽሐፍ ሲይዙ ያቺ ሰዓት የእነሱ ብቻ ትሆናለች። በታሪኩ ውስጥም ለአንድ ጊዜ እንኳ ሴቷ ተንከባካቢ ሳይሆን ተንከባካቢ ያላት ትሆናለች። ያነበቡት ስለ ወንድ ይመስላል፤ የነገሯት ግን ስለ ራሳቸው ድካም ነው።

የኤሚሊ ብሮንቴ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ሂትክሊፍ ለዚህ ሁሉ አስቸጋሪ ፈተና ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በዝናብና በነፋስ መካከል ካቲን የሚጣራውን አፍቃሪ ነው። ለዚህ ትልቁን ድርሻ የያዘው ዊሊያም ዋይለር እ.ኤ.አ. በ1939 የሠራውና ሎረንስ ኦሊቪዬ የተጫወተበት ፊልም ነው፤ ፊልሙ የመጽሐፉን ሁለተኛ ትውልድ ታሪክ ጨርሶ ቆርጦ ጥሎታል። የተቆረጠው ደግሞ ሂትክሊፍ የጠላቶቹን ልጆች የሚያሠቃይበት፣ የካቲን ልጅ፣ ወጣቷን ካቲን፣ ቆልፎ ልጁን በግድ እንድታገባ የሚያደርግበት ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 በታተመው መጽሐፍ ብሮንቴ ለአንባቢዋ ማስጠንቀቂያ ትታለች። ኢዛቤላ ሊንተን ሂትክሊፍን እንደ ልብ ወለድ ጀግና አይታ አብራው ትኮበልላለች፤ እሱ ራሱ፣ ትንሽ ውሻዋን ሲሰቅል እያየች እንኳ ይህን ቅዠቷን አለመተዋ ያስቀዋል።

ስክሪኑ እንዲህ ዓይነቱን ወንድ ማለስለስ ዛሬም አልተወም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ተከታታይ ድራማዎች፣ በተለይም የቱርክ፣ ብዙ ቤት ገቡ፤ የኮሪያ ድራማ ወዳጅም ቀላል አይደለም። የልጅቷን ክንድ ጨምድዶ የሚጎትት፣ ስልኳን የሚነጥቅ፣ የት ዋልሽ ብሎ የሚጮህ «አክተር» በእነዚህ ድራማዎች ብርቅ አይደለም። ተመልካች አንድ ቀላል ሙከራ ማድረግ ይችላል፦ ያንኑ ትዕይንት ሙዚቃውን አጥፍቶ ማየት። ቫዮሊኑ ሲወጣ የሚቀረው ክንድና ጩኸት ነው።

ከዚህ በኋላ አድናቂዎች የሚወዱት ሌላ ጨዋታ አለ። ዳርሲ ከአሥራ ስድስቱ የኤምቢቲአይ የጠባይ ዓይነቶች የትኛው ነው? ኤልዛቤትስ? ክርክሩ አያልቅም፣ ያስደስታልም። መለኪያውን የሠሩት እናትና ልጅ ለዚህ ጨዋታ እንግዳ አይደሉም። እናቲቱ ካትሪን ብሪግስ የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ እያነበበች ሰዎችን በዓይነት ስትከፍል ቆይታ፣ የካርል ዩንግ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1923 በእንግሊዝኛ ሲወጣ የራሷን ሐሳብ በእሱ ላይ መሠረተች። ልጇ ኢዛቤል ማየርስ ደግሞ መጠይቁን ከማዘጋጀቷ በፊት የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ጽፋ በመጽሔት ውድድር 7,500 ዶላር ተሸልማለች። መጠይቁን የጀመረችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ ሰዎች ለጠባያቸው የሚስማማ ሥራ እንዲያገኙ በሚል ነው። ሁለቱም የሥነ ልቦና ትምህርት አልነበራቸውም። ዓይነቶቹ ገጸ ባሕርይ ገጸ ባሕርይ መሽተታቸው እንግዲህ አያስገርምም፤ የወጡት ከአንባቢና ከደራሲ እጅ ነው።

ችግሩ ያው ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መጠይቁን ሲደግመው ሌላ ዓይነት ሆኖ ሊወጣ መቻሉ ነው፤ ይህን በርካታ ተመራማሪዎች ተችተዋል። ታዲያ ሰው ውጤቱን ሲያነብ ለምን «ይህ እኔው ነኝ!» ይላል? በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር እ.ኤ.አ. በ1948 39 ተማሪዎቹን የጠባይ ፈተና አስፈትኖ፣ ለእያንዳንዳቸው «የግል ውጤታቸውን» ሰጣቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ሲጠየቁ አማካዩ 4.26 ሆነ። ለሁሉም የታደለው ግን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር፣ አብዛኛውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተቀዳ።

ጃፓንና ኮሪያ ውስጥ የደም ዓይነት ለዚሁ ሥራ ውሏል። ሐሳቡን ጃፓናዊው ታኬጂ ፉሩካዋ እ.ኤ.አ. በ1927 አነሣው፣ ማሳሂኮ ኖሚ በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ አገር ምድሩ ያዘው፤ ኮሪያውያን በ2005 የደም ዓይነቱ ቢ ስለሆነ ፍቅረኛ የፍቅር ፊልም እስከ መሥራት ደረሱ። እኛም ዘንድ ቢሆን አውደ ነገሥት የሚገልጥ ደብተራ የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት ደምሮ፣ በ12 ገድፎ፣ ኮከባቸው ይገጥም እንደሆነ ለተጫጩ ሰዎች ሲናገር ኖሯል።

ሰውን በዓይነት ከፍሎ ስም የማውጣት አደጋን በአማርኛ ልብ ወለድ ከጉዱ ካሳ በላይ ያሳየ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሳ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ነው፤ የዘመኑን ሥርዓት ስለሚተች አገሬው «ጉዱ» አለው። ከዚያ በኋላ የሚናገረው እውነት ሁሉ የእብድ ወሬ ሆኖ ቀረ። የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ ያደመጠ ሰው ግን ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ፍቅር በመጽሐፉ ውስጥ አርቆ የሚያስበው ማን እንደሆነ አይጠፋውም።

የፍቅር ልብ ወለድን እንደ ቅዠት ለሚንቅ ሰው አንድ የቶሮንቶ ጥናት ይጠቀሳል። ካትሪና ፎንግ፣ ጀስቲን መሊንና ሬይመንድ ማር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ሥራ አራት የልብ ወለድ ዘርፎችን አነጻጸሩ። የሌላውን ሰው ስሜትና ግንኙነት በመረዳት ረገድ ከፍ ካለ ውጤት ጋር በጥብቅ የተያያዘው የፍቅር ልብ ወለድ ንባብ ሆኖ ተገኘ፤ የአንባቢዎቹ ጠባይ ታሳቢ ከተደረገ በኋላም ቢሆን። የትኛው እንደሚቀድም ግን ጥናቱ አይፈታም፤ ሰው መረዳት የሚችል ሰው ቀድሞውኑ ወደ ፍቅር ታሪክ ያዘነብል ይሆናል።

ሰውን በትክክል የማየት ዘዴው ምናልባት ንባቡን መድገም ነው። ኦስቲንን ለሁለተኛ ጊዜ የያዘች አንባቢ ዊካም ገና በተዋወቃት ሳምንት ዳርሲ አደረሰብኝ የሚለውን በደል ሁሉ ለኤልዛቤት ሲዘረዝር ታየዋለች። ዳርሲን አልሸሽም ብሎ ፎክሮ፣ ዳርሲ ከሚገኝበት የኔዘርፊልድ ዳንስ መቅረቱንም ታያለች። ለዳርሲ አባት ካለው አክብሮት የተነሳ ልጁን በአደባባይ አላጋልጥም እያለ፣ ዳርሲ ከአካባቢው በሄደ ማግስት ወሬውን ለመንደሩ ሁሉ ማዳረሱንም እንዲሁ። ሁሉም መጀመሪያም እዚያው ገጹ ላይ ነበር፤ ያኔ ግን አንባቢዋ እንደ ኤልዛቤት ፈገግታውን እያየች ነበር።